በአዳማ ለሚሠራ ሕንፃ ማቀዝቀዣን፣ ሙቅ ውኃንና ኤሌክትሪክን በአነስተኛ ካርቦን የመንደፍ አሠራር

በአዳማ ሆቴል ወይም የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠሩ ባለንብረቶች ስለ ማቀዝቀዣ፣ ስለ ሙቅ ውኃና ስለ መጠባበቂያ ኃይል መነጋገር የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ጣሪያው ተመትቶ፣ ግድግዳው ተለስኖና የመስኮቱ አልሙኒየም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ለመካኒካል መሐንዲሱ የሚተርፈው ሥራ ሙቀቱ እንዳይገባ መከልከል ሳይሆን የገባውን ሙቀት በማሽን ማስወጣት ብቻ ይሆናል፤ ይህም በግዢውም በየወሩ ክፍያም ውድ ነው። ይህ መመሪያ ሥራው ከጣሪያና ከጥላ ተነሥቶ ወደ መሣሪያ ምርጫ እንዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ምሳሌ የማደርገው 40 ክፍሎች፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽና ወጥ ቤት ያለውን ጂ+4 ሆቴል ነው፤ ስሌቱ ግን ለመኖሪያ ቤትም ሆነ ለቢሮ በልኩ ይሠራል።

ካርቦኑ ከየት እንደሚመጣ መለየት

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ሲሆን፣ ከከተማችን ዳር ያሉት የነፋስ ጣቢያዎችም የበኩላቸውን ይጨምራሉ፦ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ስለዚህ ከቆጣሪ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ራሱ ብዙ ካርቦን አይሸከምም። በአዳማ ሕንፃ ውስጥ ካርቦኑ ያለው በጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ በወጥ ቤቱ ከሰል፣ በኤሲው ውስጥ ባለው ጋዝና ሕንፃው በተሠራበት ሲሚንቶ ላይ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ አነስተኛ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከሊትር አንድ ሦስተኛ በላይ ስለሚጠጣ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሕንፃው የሚጠቀመው እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ይዞ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው ንድፍ ሁሉ ዒላማው ይኸው ነው፦ የሕንፃውን ፍላጎት አሳንሶ፣ ጄኔሬተሩ ከናካቴው የማይነሣበት ወይም እምብዛም የማይነሣበት ደረጃ ላይ ማድረስ።

አንደኛ፦ ቦታውን፣ ፀሐይንና ነፋስን ማንበብ

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ይህ አቀማመጥ ለንድፍ ሦስት ነገሮችን ይወስናል። የመጀመሪያው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ 30 ዲግሪ ሲደርስ ሌሊቱ ወደ 16 ዲግሪ ገደማ መውረዱ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። እንዲህ ያለው የቀንና የሌሊት ልዩነት ነፃ ማቀዝቀዣ ነው፤ በአንጻሩ ክፍል ማሞቂያ በአዳማ አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ አየሩ በባሕር ወለል ካለው አየር በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፋን በካታሎጉ የተጻፈውን ያህል ሙቀት አይሸከምም፣ ጄኔሬተርም የተጻፈበትን ኃይል ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። አቅራቢው ለዚህ ከፍታ የተስተካከለውን አኃዝ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

ሦስተኛው የፀሐይዋ መንገድ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሪው ዓመት ወደ ደቡብ ትሄዳለች። በሰኔ 14 አካባቢ ወደ ሰሜን ያላት ዘንበላ 15 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ በታኅሣሥ 12 አካባቢ ግን ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ይደርሳል። ከዚህ ተነሥቶ የመስኮት ጥላ ስፋት በቀላሉ ይሰላል፦ በደቡብ በኩል ያለ 1.2 ሜትር ቁመት ያለው መስኮት በእኩለ ቀን ሙሉ በሙሉ እንዲጠለል 75 ሴንቲ ሜትር የወጣ ጥላ ይፈልጋል፣ በሰሜን በኩል ያለው ግን 32 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። በአራቱም ፊት አንድ ዓይነት ጥላ የሚስል ንድፍ ካጋጠመዎት ፀሐይዋን ሳያይ የተሳለ ነውና መልሰው ይላኩት።

ነፋሱን በተመለከተ፣ በበጋ ወራት በአመዛኙ የሚነፍሰው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው። ይሁን እንጂ አጠገብዎ ያለ ረጅም ሕንፃ አቅጣጫውን ሊያጣምመው ስለሚችል፣ በግንባታው ቦታ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስረው ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ መመዝገብ ይገባል።

ሁለተኛ፦ ጣሪያውንና የምዕራቡን ፊት መከላከል

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። በመጨረሻው ፎቅ ያለ፣ አራት በአምስት ሜትር የሆነ አንድ ክፍል እንውሰድ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ስስ የችፑድ ኮርኒስ ብቻ ነው፤ በምዕራብ በኩል ሁለት ካሬ ሜትር ጥላ የሌለው መስኮት አለው። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ ክፍሉን በ25 ዲግሪ ለመያዝ ብንፈልግ፣ በእንዲህ ያለ ጣሪያ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 87 ዋት፣ በጠቅላላው 1,750 ዋት ሙቀት ከላይ ይወርዳል። በ10 ሰዓት ላይ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ወደ 960 ዋት ይሆናል። ግድግዳው 300፣ ሁለት እንግዶች 150፣ ቴሌቪዥንና ትንሽ ማቀዝቀዣ 100 ዋት ቢጨምሩ ድምሩ 3,260 ዋት ነው። ለዚህ ክፍል ሻጩ 12,000 ቢቲዩ (3,500 ዋት ገደማ ሙቀት የሚያስወጣ) ኤሲ ይግጠሙ ቢልዎት ስሌቱ አላሳሳተውም።

አሁን ከኮርኒሱ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ግላስ ዉል (ከመስታወት ክር የሚሠራ ሙቀት መከላከያ) ወይም ተመጣጣኝ ፎም ይንጠፍ፣ መስኮቱም ከውጭ ይጠለል። ከጣሪያው የሚወርደው ወደ 420 ዋት፣ በመስኮቱ የሚገባው ወደ 200 ዋት ያንሳል፤ የሌሎቹ ሳይለወጥ ድምሩ 1,170 ዋት ላይ ያርፋል። ይህ ክፍል በሌሊት አየርና በኮርኒስ ፋን ሊኖርበት የሚቻል ሆነ ማለት ነው። የግላስ ዉሉ ዋጋ ከኤሲው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የትኛው እንደሚቀድም ለመወሰን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ለአፈጻጸሙ የሚከተሉትን ያስጠብቁ። ግላስ ዉሉ ተጨቁኖ እንዳይነጠፍ፣ በመብራት ቀዳዳዎች ዙሪያም እንዳይቋረጥ ይቆጣጠሩ። በቆርቆሮውና በመከላከያው መካከል ያለው ባዶ ቦታ በሁለቱም ጫፍ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ የአየር መውጫ ይኑረው። ቆርቆሮው ነጭ ወይም በጣም ነጣ ያለ ቀለም ያለው ይሁን፤ ጥቁር ግራጫና ቡናማ ቀለም አሁን ፋሽን ቢሆንም በአዳማ ፀሐይ ላይ ዋጋው ከባድ ነው። ጣሪያው ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) ከሆነ መከላከያው ከላይ እንጂ ከታች አይሁን፤ ምክንያቱም ኮንክሪቱ ከውስጥ በኩል ሲቀር የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ያድራል።

የምዕራቡን ፊት ደግሞ በተቻለ መጠን ለደረጃ፣ ለመታጠቢያ ቤትና ለዕቃ ክፍል ይስጡት። በምሥራቅና በምዕራብ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ የሚወጣ ጥላ አይመክታትም፤ የሚረዳው የቆመ ክንፍ፣ ጥልቅ በረንዳ ወይም ዛፍ ነው። ኒም በአዳማ አፈርና ሙቀት ያለ ብዙ ውኃ የሚበቅል በመሆኑ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ፊቱን ሙሉ በሰማያዊ መስታወት ለማልበስ የሚቀርብ ሐሳብ ካለ፣ ያ መስታወት ለሕንፃው ዕድሜ በሙሉ የሚከፈልበት የማቀዝቀዣ ዕዳ መሆኑን ለባለቤቱ በቁጥር አሳይተው እንዲወስን ማድረግ የነዳፊው ግዴታ ይመስለኛል። ለግድግዳም ከአካባቢያችን የሚገኘው የፑሚስ ብሎኬት ከተራው ብሎኬት ቀላልና ሙቀት አሳላፊነቱ ያነሰ ስለሆነ ቅድሚያ ይሰጠው።

ሦስተኛ፦ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ማስገባት

ቀን ከውጭ የሚገባ አየር ክፍሉን ያሞቀዋል፤ ሌሊት የሚገባው ግን ያቀዘቅዘዋል። ስለሆነም መስኮት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ተዘግቶ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚከፈትበት አሠራር ይታቀድ። በመካከለኛ ፎቅ ያለ 20 ካሬ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በሌሊት በ2 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 3.4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ቅዝቃዜ ይቋጥራል። ይህ የሚሆነው ግን ኮንክሪቱ ከክፍሉ አየር ጋር ሲገናኝ ነው። የጂፕሰም ኮርኒስ ሙሉ በሙሉ ከተሠራበት ቅዝቃዜው ከኮርኒሱ በላይ ታስሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ኮርኒሱን በመተላለፊያና በመታጠቢያ ቤት ብቻ ይወስኑ፣ የመኝታ ክፍሉን ሶሌታ ለስነው ቀለም ይቀቡት።

መስኮት በሌሊት እንዲከፈት መንደፍ በአዳማ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የወባ ትንኝ የማያሳልፍ ወንፊት፣ ሌባ የማያስገባ ብረት፣ አቧራውን የሚመክት አቀማመጥ። ወንፊቱ ቀለል ባለ ነፋስ የአየሩን ፍሰት በግማሽ ያህል ሊቀንስ ስለሚችል የሚከፈተው ክፍል በዚያው ልክ ይስፋ። ክፍሎቹ በመተላለፊያ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ከሆነ ነፋስ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይችልም፤ ስለዚህ ከበሩ በላይ ድምፅ የሚሰብር አየር ማስተላለፊያ ይደረግ፣ የደረጃው ቤትም ከጣሪያው በላይ ወጥቶ በምዕራብ ዞሮ ይከፈት፤ ሞቃቱ አየር በዚያ በኩል ይወጣል።

የኮርኒስ ፋን በየክፍሉ ይግባ። በቋሚ ማግኔት የሚሠራው ዓይነት ወደ 30 ዋት ብቻ ወስዶ ሰው ከ2 እስከ 3 ዲግሪ የቀነሰ ያህል እንዲሰማው ያደርጋል። ክንፉ ከወለል ቢያንስ 2.3 ሜትር ይራቅ።

አራተኛ፦ ለቀረው ሙቀት መሣሪያ መምረጥ

የስብሰባ አዳራሹ በፋን ብቻ አይሆንለትም። 200 ሰው ሲቀመጥ ከሰው ብቻ 15 ኪሎ ዋት ሙቀት ይወጣል። በበጋ ከሰዓት በኋላ የአዳማ አየር ደረቅ ስለሚሆን፣ 30 ዲግሪ የሆነን አየር በረጠበ ንጣፍ አሳልፎ ወደ 21 ዲግሪ ማውረድ ይቻላል። በሴኮንድ 2.5 ሜትር ኩብ እንዲህ የቀዘቀዘ አየር አዳራሹን 27 ዲግሪ ላይ ይይዘዋል፤ የሚተነው ውኃ በሰዓት 33 ሊትር ገደማ ሲሆን ጨው እንዳይጠራቀም የሚፈስሰው ሲጨመር ወደ 45 ሊትር ይጠጋል። ፋኑና ፓምፑ አንድ ተኩል ኪሎ ዋት ገደማ ሲፈልጉ፣ ለዚሁ ሥራ ኤሲ ከ6 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። በክረምት አየሩ ስለሚረጥብ ይህ ዘዴ ይደክማል፤ በዚያን ጊዜ ግን የውጭው አየር ራሱ ቀዝቃዛ በመሆኑ ንጣፉን አድርቆ በፋኑ ብቻ መሥራት ይቻላል። የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ንጣፉን በየሳምንቱ ማጠብ የሥራው አካል ሆኖ ይመደብ።

ኤሲ የግድ በሆነባቸው ጥቂት ክፍሎች ኢንቨርተር (እንደ ሙቀቱ መጠን የማሽኑን ፍጥነት የሚለዋውጥ መቆጣጠሪያ) ያለውን ይምረጡ፣ ከስሌቱ በላይ የሆነ አቅም አይግዙ፣ ቁጥጥሩንም ከ26 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይወስኑት። ጋዙን በተለይ ይመልከቱ። አር-410ኤ ከተባለው የኤሲ ጋዝ አንድ ኪሎ ግራም ቢያፈስስ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከ2,088 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው፤ ይህም 780 ሊትር ናፍጣ እንደማቃጠል ይቆጠራል። የአር-32 በኪሎ ግራም 675 ሲሆን፣ ፕሮፔን የሆነው አር-290 ደግሞ ከ5 በታች ነው፤ ይሁንና የሚቀጣጠል በመሆኑ የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይግጠመው። አሮጌው አር-22 የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከአገልግሎት እየወጣ ያለ ጋዝ ስለሆነ ቢረክስም አይግዙት። ቴክኒሻኑ ቧንቧውን በናይትሮጅን ሳይፈትሽና በቫኪዩም ፓምፕ ሳያደርቅ ጋዝ እንዲለቅ አይፍቀዱ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ሥራ ሲሆን፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት ፍሳሽ መነሻ የሚሆነውም እርሱ ነው።

አምስተኛ፦ ሙቅ ውኃ

ለአዳማ ሆቴል ማሞቂያ ማለት ሙቅ ውኃ ነው። 60 እንግዶች በቀን 50 ሊትር በ45 ዲግሪ ቢጠቀሙ፣ የሚገባው ውኃ 20 ዲግሪ ከሆነ ሒሳቡ 3,000 ሊትር በ25 ዲግሪ በ1.163 ተባዝቶ 87 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ የቧንቧውና የታንከሩ ብክነት ሲታከል 100 ይደርሳል።

የተለመደው መንገድ በየክፍሉ 1.5 ኪሎ ዋት ቦይለር መስቀል ነው። አርባው በአንድ ጠዋት ሲበሩ 60 ኪሎ ዋት ይጠይቃሉ፤ ትራንስፎርመሩም፣ ዋናው ገመድም፣ ጄኔሬተሩም በዚህ ልክ ይገዛሉ። በዚህ ፈንታ በአንድ ቦታ 2,000 ሊትር ታንከርና 10 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚሰጥ ሂት ፓምፕ ቢተከል፣ ከአየሩ ሙቀት እየሳበ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሠርቶ ቀኑን ይሞላል። የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከ3.5 ኪሎ ዋት የማይበልጥ፣ በቀን ወደ 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ማሽኑ የሚተፋው ቀዝቃዛ አየር በልብስ ማጠቢያው ክፍል እንዲወጣ ቢደረግ ያ ክፍል ያለ ተጨማሪ ወጪ ይቀዘቅዛል።

ውኃው በታንከሩ 60 ዲግሪ ይቀመጥ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሳንባን የሚያጠቃው ሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ወደ ክፍሎቹ ሲወርድ በማደባለቂያ ቫልቭ ወደ 45 ይውረድ። መታጠቢያ ቤቶቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይደርደሩ፣ ቧንቧው ሁሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መከላከያ ይልበስ፣ ውኃውን የሚያዞረው ፓምፕም ጠዋትና ማታ ብቻ እንዲሠራ ሰዓት ይደረግለት። ፓምፑ ሌት ተቀን ቢዞር ከሂት ፓምፑ የተገኘው ቁጠባ ብዙው በቧንቧ ላይ ይቀራል።

ለቪላ ወይም ለአነስተኛ ቤት ግን 200 ሊትር የሶላር ውኃ ማሞቂያ ይበቃል። ፊቱን ወደ ደቡብ አድርገው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያዘንብሉት፣ ከማሞቂያው የሚወጣውን የመጀመሪያ ቧንቧ ከፒፒአር (ከፕላስቲክ ቧንቧ) ሳይሆን ከመዳብ ወይም ከብረት ያሠሩት፤ በሞቃት ቀን ውኃው ለፒፒአር ከሚገባው በላይ ሊግል ይችላልና።

ስድስተኛ፦ ሶላርና መጠባበቂያ

የአዳማ ጣሪያ በቀን በአማካይ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ፀሐይ በካሬ ሜትር ያገኛል። 550 ዋት የሆኑ 36 ፓነሎች 20 ኪሎ ዋት ያህል አቅም ይዘው ወደ 95 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ፤ አቧራውና ሙቀቱ ከታሰበ በኋላ በቀን 80 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠበቅባቸዋል። ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይዘንብሉ፣ ከቆርቆሮው በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ እንዲህ ሲሆን ለጣሪያው ጥላም ይሆናሉ። ማሠሪያቸው ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ብረት ወይም ሞራሌ ይያዝ፤ የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ይህን አይከራከርም።

ስለ ነፋስ ከተነሣ፣ በጣሪያ ላይ ትንሽ የነፋስ ተርባይን መትከልን አልመክርም። ነፋሱ በሕንፃዎች መካከል ይበጣጠሳል፣ ተርባይኑ ትንሽ ያመነጫል፣ ንዝረቱም ሕንፃውን ያውካል። የአዳማ ነፋስ በኮረብታው ላይ ባሉት ረጃጅም ተርባይኖች በኩል በኤሌክትሪክ መረቡ ይመጣልናል።

ጭነቶቹን በፀሐይ ሰዓት መደርደር ብዙ ባትሪ ያስቀራል። ሂት ፓምፑ ከላይ እንደተባለው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ፣ ወደ ላይኛው ሮቶ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ፣ የልብስ ማጠቢያውና የእንጀራ ምጣዱ ከረፋድ እስከ 9 ሰዓት ይሥሩ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ፣ ብዙ ምጣዶች ካሉ በሦስቱ ፌዝ (የኃይል መስመሮች) እኩል ይከፋፈሉ። ወጥ ቤቱ ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር የሚቀንሰው ካርቦን ብቻ አይደለም፤ የሴቶቹ ዓይንና ሳንባም ከጭስ ያርፋል።

ለመጠባበቂያ፣ መብራት ሲጠፋ መቋረጥ የሌለባቸውን ብቻ ለይተው በተለየ ቦርድ ያስሩ፦ የመተላለፊያ መብራት፣ ፋን፣ የምግብ ማቀዝቀዣ፣ ኢንተርኔት፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ። እነዚህ 3 ኪሎ ዋት ቢሆኑና ለ4 ሰዓት እንዲቆዩ ቢፈለግ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ብክነቱ ሲታሰብ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ይገዛል። ባትሪው ሙቀት ዕድሜውን ስለሚያሳጥረው በቆርቆሮ ቤት ሳይሆን በምድር ቤቱ ሰሜናዊ ጎን፣ አየር በሚገባበት ክፍል ይቀመጥ።

ሰባተኛ፦ መፈተሽና ማስረከብ

ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያውን ከመውሰዱ በፊት ለሙቅ ውኃ፣ ለወጥ ቤት፣ ለኤሲና ለፓምፕ ለየብቻ ንዑስ ቆጣሪ መግባቱን ያረጋግጡ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሕንፃው ውስጥ ሰው ሳይኖር ዋናውን ቆጣሪ ያንብቡ፤ ከጥቂት መቶ ዋት በላይ ካሳየ የሚበራ ነገር አለና ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እየዘጉ ይፈልጉት። የመስመር ኃይሉን አጥፍተው ባትሪው የታሰበለትን 4 ሰዓት መቆየቱን በሰዓት ይፈትኑ። በመጨረሻው ፎቅ በምዕራብ ክፍል ቴርሞሜትር ሰቅለው ለአንድ ሳምንት የ10 ሰዓቱን ሙቀት ይመዝግቡ፤ ከ28 ዲግሪ በላይ ከሄደ ኤሲ ከመጨመር በፊት ኮርኒሱ ተከፍቶ ግላስ ዉሉ ይታይ።

ለጥገና ሠራተኛው በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ ሰሌዳ በማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ በበጋ ፓነሎቹን በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ሳይወጣ ማጠብ፣ የኤሲ ማጣሪያን በየወሩ ማጽዳት፣ በታንከሩ የተጋገረውን ኖራ በየስድስት ወሩ ማስወገድ፣ የንዑስ ቆጣሪዎቹን አኃዝ በየወሩ መጀመሪያ በመዝገብ ማስፈር።